ፎቶግራፍ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ በሳይንስ ዓምድ ላይ ስለ አንድ ፕሮቲን የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። በጥንቃቄ የተሠራ ጽሑፍ ነው፤ በጸሐፊው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከሥዕሉ ግርጌ ባሉት አራት ቃላት ላይ ነው፤ «በኤክስሬይ የተነሳ የፕሮቲን ፎቶግራፍ» ይላሉ። ከአራቱም በተለይ በመጨረሻዋ ላይ።

ፎቶግራፍ አይደለም። ለአንዲት ቃል ብሎ ደብዳቤ መጻፍ የጡረተኛ ሥራ ፈትነት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጡረተኛ መሆኔም እውነት ነው። ነገር ግን በመድኃኒት ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ካሳለፍኳቸው 33 ዓመታት ዘጠኝ ወሩን በከንቱ ያቃጠልኩት፣ የራሴን ብቻ ሳይሆን የባልደረቦቼንም ዘጠኝ ወር፣ በእጄ የሠራሁትን ሞዴል እንደ ፎቶግራፍ አምኜው ስለነበር ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጋዜጣውን ያመጣልኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ያጠናል። ሥዕሉን አሳየኝና «አክስቴ፣ ይህን እኮ ዛሬ ማሽን በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል፤ ታዲያ እርስዎ 33 ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» አለኝ። ሳቅሁና ሻይ ቀዳሁለት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወረቀት አወጣሁ።

የቋንቋችን ጥፋትም አለበት። ፎቶ እንነሳለን፤ ራጅም እንነሳለን። እጁ የተሰበረ ሰው ራጅ ሲነሳ አጥንቱ በፊልሙ ላይ ጥላውን ይጥላል፤ ሐኪሙ የሚያየው ያንኑ ጥላ ነው። ፕሮቲን ግን እንዲህ አይነሳም። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከ4000 እስከ 7000 አንግስትሮም ድረስ ነው። አንግስትሮም ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ተያይዘው የተቀመጡ ሁለት የካርቦን አተሞች ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት 1.54 አንግስትሮም ነው። በተራ ብርሃን አተም ለማየት መሞከር ዓይን ውስጥ የገባን ጉድፍ በአካፋ ለማውጣት እንደ መሞከር ነው። የኤክስሬይ ሞገድ ልኩ ለአተም ይሆናል፤ ችግሩ ከአተም ላይ የተበተነውን ኤክስሬይ መልሶ ሰብስቦ ምስል የሚያደርግልን ሌንስ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑን ክሪስታል እናደርገዋለን። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቅጂዎቹ እንደ ወታደር ይሰለፋሉ፤ ኤክስሬዩ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይበታተናል፤ በፊልሙ ወይም በመቀበያው ላይ የሚቀርልን ነጠብጣብ ነው። በሺህ የሚቆጠር ነጠብጣብ። ከዚያ ውስጥ ፕሮቲን የሚመስል ነገር የለም።

ነጠብጣቡ የሞገዱን ብርታት ይነግረናል፤ የሞገዱ ጫፍ መቼ እንደ ደረሰ ግን አይነግረንም። ሁለቱ ከሌሉ ደግሞ ምስሉን በስሌት መልሶ መሥራት አይቻልም። ይህ የጎደለው ነገር በሙያው ቋንቋ ፌዝ ይባላል። በአማርኛ ሲጠራ ማላገጥ መምሰሉን ሁልጊዜ እወደው ነበር፤ ምክንያቱም ይህ ችግር በታላላቅ ሰዎች ላይ ሲያላግጥ ኖሯል። ማክስ ፔሩትዝ ሄሞግሎቢንን በኤክስሬይ ማጥናት የጀመረው በ1937 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በክሪስታሉ ውስጥ የሜርኩሪ አተም አስገብቶ ከነጠብጣቦቹ መለዋወጥ ፌዙን ማውጣት እንደሚቻል ያሳየው በ1953 ነው። የሄሞግሎቢን ቅርጽ የታወቀው ከዚያም ስድስትና ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። የዶሮቲ ሆጅኪን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከመምህሯ ከበርናል ጋር ሆና በ1934 ፔፕሲን የሚባለውን ፕሮቲን ክሪስታል ያጠናችው እሷ ነች፤ የደረቀው ክሪስታል ምንም አልሰጥ ሲል፣ ካደገበት ፈሳሽ ሳይወጣ ሲመታ ግን ነጠብጣቡ መታየቱን ያወቁት ያኔ ነው። በ1935 የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ መታች። የኢንሱሊን ቅርጽ የወጣው በ1969 ነው። ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ 34 ዓመት ፊልም ሲታጠብ ቆየ ማለት ነው?

ፌዙ ከተገኘ በኋላም የሚወጣው ፕሮቲን ሳይሆን ካርታ ነው፤ ኤሌክትሮኖች የት ተጠጋግተው የት እንደሳሱ የሚያሳይ ካርታ። እንደ ተራራ ካርታ በመስመር በመስመር የተከበበ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ካርታውን በግልጽ ወረቀቶች ላይ ስለው፣ ወረቀቶቹን ደራርበው፣ በሽቦ ሞዴል ይሠሩ ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር፣ በ1986 መሆኑ ነው፣ ኮምፒውተር ደርሷል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ በእጅ የሚዞሩ ቁልፎችን እያዞርን፣ ካርታው በሚታይበት ሰማያዊ ጉም ውስጥ የፕሮቲኑን መገንቢያዎች፣ አሚኖ አሲዶቹን፣ አንድ በአንድ እንሰካለን። ይህኛው ጉብታ ታይሮሲን ይመስላል፤ ያኛው ሉሲን መሆን አለበት። ይመስላል እና መሆን አለበት የሚሉትን ቃላት ልብ በሉልኝ።

ካርታው ምን ያህል ጥራት እንዳለው በአንግስትሮም ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የደበዘዘ ብራና ማንበብን አስቡ። በ1 አንግስትሮም ፊደሉ ሁሉ ለየብቻው ይታያል። በ2 ቃላቱን ያለችግር ታነባላችሁ፤ በዙሪያው ያሉትን የውኃ ቅንጣቶች ሳይቀር ታያላችሁ። በ3 ላይ ግን ሰ ይሁን ሸ፣ ደ ይሁን ጀ፣ ከላይ ያለችው ሰረዝ ስለጠፋች መለየት አይቻልም። ያኔ አንባቢው ምን ያደርጋል? ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ትክክል ይገምታል። እኛም እንዲሁ ነን።

በጥሩው ካርታ እንኳን የማይነበብ ነገር አለ። አስፓራጂን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጫፉ ላይ አንድ ኦክስጅንና አንድ ናይትሮጅን ጎን ለጎን ይዟል። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮንን ነው፤ ናይትሮጅን ሰባት፣ ኦክስጅን ስምንት ኤሌክትሮን አላቸው፤ በተለመደው ጥራት ማን የቱ እንደሆነ ካርታው አይነግራችሁም። ሃይድሮጅን ደግሞ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው ከነአካቴው አይታይም ማለት ይቻላል። ለአንባቢ ይህ ጥቃቅን ነገር ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ለሚሠራ ኬሚስት ግን ኦክስጅኑ ሃይድሮጅን ተቀባይ፣ ናይትሮጅኑ ሃይድሮጅን ሰጪ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የቀኝና የግራ ጫማ ያህል ነው።

አሁን ወደ ዘጠኙ ወር ልምጣ።

ዓመቱ 1997 ነው። ቡድናችን ለአንድ ኢንዛይም ማገጃ የሚሆን ውህድ ይፈልግ ነበር። ከብዙ ሺህ ውህዶች መካከል አንድ ደካማ ተስፋ ተገኘ፤ በአንድ ጫፉ ሁለት የተጣመሩ ቀለበቶች፣ በሌላው ረጅም ጭራ ያለው። የኔ ድርሻ ውህዱ ኢንዛይሙ ላይ የት እንደሚቀመጥ ማሳየት ነበር። የኢንዛይሙ ክሪስታሎች አስቸጋሪዎች ነበሩ፤ በአራት ዲግሪ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጠብታ አንጠልጥለን ሳምንታት እንጠብቃለን፤ ምንም ካልመጣ ከቆየ ጠብታ ላይ ዘር የሚሆን የክሪስታል ፍርፋሪ በድመት ጺም ነክተን ወደ አዲሱ እናሻግራለን። የድመት ጺም ስል እየቀለድኩ አይደለም፤ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አልነበረም፤ የሰጠችን ድመትም ምን እንዳበረከተች ሳታውቅ አረፈች። በመጨረሻ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ የሚሆን ክሪስታል አገኘሁ፤ ውህዱ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዤ፣ ብርቱ ኤክስሬይ ወደሚያመነጨው ትልቅ ማሽን፣ ወደ ሲንክሮትሮን፣ ይዤው ሄድኩ። ጥራቱ 2.6 አንግስትሮም ወጣ።

በኢንዛይሙ ኪስ ውስጥ ረዘም ያለ፣ ጎበጥ ያለ ጉም ነበረ። ሲነጋጋ ነበር ያየሁት። ውህዱን አምጥቼ ሰካሁት፤ ጭራው ልክ እንደ ጓንት ገባ። ቀለበቶቹ ያሉበት ጫፍ ግን ሳሳ ይላል፤ ግማሹ ከጉሙ ውጭ ነው። «ቀለበቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ነው» አልኩ ለራሴ። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር በካርታ ላይ ይደበዝዛል። ስህተት የሚያምረው ሊሆን ከሚችል ነገር አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ያለውን መጣጣም የሚለካው ቁጥርም አልከሰሰኝም፤ ብዙ ሺህ አተም ባለው ፕሮቲን ላይ 30 አተም ቢበላሽ ቁጥሩ ከቁብ አይቆጥረውም።

ሥዕሉን በቀለም አሳትሜ በስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ውህድ የሚሠሩት ስድስት ኬሚስቶች ሥዕሉን ከየጠረጴዛቸው በላይ ሰቀሉት። ጭራውን አስረዘሙ፤ አሳጠሩ፤ ቀለበቶቹን የሚይዝ ክንድ ጨመሩ። በዘጠኝ ወር ውስጥ 43 ውህዶች ሠሩ፤ አንዳንዱ ብቻውን 11 ደረጃ የሚፈልግ ነበር። አንዱም ከመጀመሪያው የተሻለ አልሆነም። እኔም በየስብሰባው ሥዕሉን እያሳየሁ «ኪሱ ውስጥ ነው፤ አይታችሁታል» እላለሁ። ቅኔ ሲፈታ ወርቅ ፍለጋ የወጣ ሰው ሰሙ ውስጥ የሌለውን ወርቅ ያገኛል ይባል የለ፤ እኔ እሱን ሆኜ ነበር።

ያቆመን ሊቅ አይደለም። ከተቀጠረች አራት ወር ያልሞላት ቴክኒሻን ነበረች፤ ክሪስታል ማቀዝቀዝ እንድትለማመድ ምንም ያልተነከረባቸው ክሪስታሎች ሰጥቻት ነበር። መረጃ መሰብሰብንም እንድትለምድ አንዱን እስከ ካርታ ድረስ ሠራችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆማ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ በዚህኛው ላይ ምንም አልነከርኩም፤ ግን ያው ነገር አለበት» አለች።

ያው ነገር ነበረ። ያው ጎባጣ፣ ያው ጭራ። ክሪስታሎቹን ያሳደግንበት ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ነበረ፤ እንደ ረጅም ገመድ ያለ ሞለኪውል ነው፤ ከገመዱ አንዲት ቁራጭ ኪሱ ውስጥ ገብታ ተጋድማለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲያደንቁኝ የነበሩት በመደርደሪያችን ላይ ስላለው ጠርሙስ ነበር። የመጀመሪያ ቀን፣ ውህዱን ከመንከሬ በፊት፣ አንድ ባዶ ክሪስታል መሥራት ነበረብኝ። የሦስት ቀን ሥራ ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስተምረው ያንኑ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለእኔ አነሰ፤ እኔ አፍስሼ ሌሎች ነበሩ የለቀሙት።

የኬሚስቶቹ አለቃ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ። ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ሥዕሉን ባትቀቢው ኖሮ እንጠረጥር ነበር» አሉኝ። ይህን አባባል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውህዱን በአረንጓዴ፣ ኪሱን በነጭ፣ ሁሉን በሙሉ መስመር ነበር የሳልኩት፤ ያልታዩትን ቀለበቶችም እንደታዩት አድርጌ።

በእናንተም ጋዜጣ ላይ ያለው ሥዕል ቀለማም ነው። የተጠቀለለው ቀይ ጥብጣብ፣ ቀስት የመሰለው ቢጫ፣ ያ ሁሉ ፕሮቲኑ ላይ የለም። ጄን ሪቻርድሰን የምትባል አሜሪካዊት በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ የፕሮቲኖችን ቅርጽ ለዓይን እንዲመች ብላ በእጇ የሳለችው አሳሳል ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ከእሷ ወረሱት። ውብ ነው፤ እኔም ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ካርታ ላይ ወንዝ በሰማያዊ መሳሉን የሚያውቅ ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ቀለሙን አይፈልግም፤ የፕሮቲን ሥዕል የሚያይ ሰው ግን ይህን የሚነግረው የለም።

በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በ2006 አንድ የአሜሪካ ቡድን በታላላቅ መጽሔቶች ላይ ያወጣቸውን አምስት ጥናቶች ለመሰረዝ ተገደደ። ቤት ውስጥ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሁለት የቁጥር ዓምዶችን አገላብጦባቸው፣ የፕሮቲኖቹ ቅርጽ ግራው ቀኝ ሆኖ ኖሯል። ስህተቱ የታወቀው ከስዊዘርላንድ የወጣ የተመሳሳይ ፕሮቲን ሞዴል ከእነሱ ጋር አልገጥም ሲል ነው። ደስ የሚለውም ምሳሌ አለ። የኤችአይቪ ፕሮቲዬዝ፣ ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን ቆራርጦ የሚያበጅበት መቀስ ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ሞዴል በ1989 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ሁለተኛ ሞዴል አወጣና የፊተኛውን አንዳንድ ቦታ አረመ። 99 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ግማሾች ተቃቅፈው መሥራታቸውን ያዩ ኬሚስቶች ለኪሱ የሚገጥሙ ውህዶች መሥራት ያዙ። ከእነዚህ አንዱ ኢንዲናቪር በ1996 ተፈቀደ። ከሞዴል እስከ ኪኒን ሰባት ዓመት፤ በእኛ ሙያ ይህ ሩጫ ነው። የቸኮሉት ግን አንዱ የሌላውን እያነበበ፣ እያረመ ነው።

ትክክል የሆነ ሞዴልም ቢሆን አንድ አቋም ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ኬራስ የሚባለውን ፕሮቲን ውሰዱ። በሰው ካንሰር ውስጥ ተለውጦ የተገኘው በ1982 ነው። ቅርጹ ሲወጣ መድኃኒት የሚይዝበት ኪስ የሌለው፣ ለስላሳ ኳስ መሰለ፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ «መድኃኒት አይገባውም» ተብሎ ተተወ። በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የኬቫን ሾካት ቡድን በካንሰሩ ምክንያት በ12ኛው ቦታ ላይ ለተተካው፣ ሲስቴይን ለሚባለው አሚኖ አሲድ የሚጣበቁ ትናንሽ ውህዶች ሞከረ። ውህዱ ሲጣበቅ ቀድሞ ያልነበረ ኪስ ከሥሩ ተከፈተ። በሩ የሚታየው ሲገፋ ነበር። ሶቶራሲብ የሚባለው መድኃኒት በ2021 ለሳንባ ካንሰር ተፈቀደ። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ውሸት አልነበሩም፤ ያላየናቸውን አቋሞች ግን እንዴት ያሳዩን?

ስለ ማሽኑም አንድ ነገር ልበል፤ የወንድሜ ልጅ ይህን ሳያነብ አይቀርምና። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2020 በፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ውድድር ላይ ያደረገውን ሳይ ወንበሬ ላይ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ አላፈርኩም። በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ሞዴሎች ለዓለም ተከፈቱ፤ ማሽኑን ለሠሩት ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር፣ አዲስ ፕሮቲን ለሚነድፈው ለዴቪድ ቤከርም፣ የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል መሰጠቱ ይገባቸዋል። ነገር ግን ማሽኑ የተማረው ከየት ነው? በ1971 በሰባት ቅርጾች ከተከፈተውና ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ከያዘው የፕሮቲን መረጃ ማኅደር ነው። ከእነዚያ ውስጥ 41ዱ ላይ የእኔ እጅ አለበት። እንግዲህ 33 ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ፣ ማሽኑ የተማረበትን ደብተር ስጽፍ እንደነበር ይወቅ። እርግጥ ድመቷም ድርሻ አላት።

ማሽኑ ከእኔ የሚሻልበት አንድ ጠባይ ደግሞ አለው፤ ያላመነውን ይናገራል። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ከ90 በላይ ያለውን በጥቁር ሰማያዊ፣ ከ50 በታች ያለውን በብርቱካናማ ይቀባዋል። ብርቱካናማው «እዚህ ጋ አትመኑኝ» ማለት ነው። እኔ በ1997 ቀለበቶቹን ብርቱካናማ አድርጌያቸው ቢሆን ኖሮ 43ቱ ውህዶች አይሠሩም ነበር። ጋዜጦች ግን ይህን ሥዕል ሲያትሙ ቀለሙን ለውጠው፣ ሁሉን አንድ ዓይነት ቀብተው ሲያወጡት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የማሽኑን ትሕትና ሰርዘውበት የእኔን ትዕቢት ሰጡት ማለት ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። «ፎቶግራፍ» በሚለው ፈንታ «ሞዴል» በሉ። ከኤክስሬይ የመጣ ከሆነ ጥራቱ ስንት አንግስትሮም እንደሆነ አንዲት ቁጥር ጨምሩ፤ ከማሽን የመጣ ከሆነ ቀለሙን አትንኩ። ቦታ አይወስድባችሁም። ወደፊት እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያጋጥማችሁ መግለጫውን ከመታተሙ በፊት ብትልኩልኝ ያለክፍያ አነብላችኋለሁ። ከእኔ በኋላ ግን ሌላ ሰውም ያንብበው፤ የእኔ ዓይን ምን እንደሚያደርግ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ ኬሚስት
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)